መሪዎቿ ታስረው ያደገችው ቤተ ክርስቲያን፦ መሠረተ ክርስቶስ ከ1974 እስከ 1983 ዓ.ም.

ስለ ጤናማ ሊደርሺፕ ስናወራ ሁሌ ምሳሌ የምናመጣው ከውጭ ነው፣ የአሜሪካ ሜጋ ቸርች፣ የኮርያ ሴል ግሩፕ፣ የናይጄሪያ ሚኒስትሪ ምናምን። እኔ ግን ለማንኛውም ሽማግሌ፣ ፓስተር፣ የወጣት መሪ መጀመሪያ አጥኑት የምለው ጉዳይ እዚሁ አዲስ አበባና ናዝሬት ውስጥ የሆነ ነው፣ ያዩት ሰዎችም ብዙዎቹ ገና አልሞቱም፣ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ሲዘጋት 14 አጥቢያና ወደ 5,000 የሚጠጉ አባላት ነበሯት፣ በ1983 ደርግ ወድቆ ወደ አደባባይ ስትወጣ ግን አባላቷ ወደ 34,000 ደርሰው ነበር። በመሀል ያሉት ዘጠኝ ዓመታት ሕንፃ የለም፣ የባንክ ሂሳብ የለም፣ ዋና ዋና መሪዎቿ ከአራት ዓመት በላይ እስር ቤት ናቸው።

ይህን ቁጥር ብዙ ጊዜ ከመድረክ ሰምታችሁት ይሆናል፣ ሲነገርም "ስደት ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋል" ተብሎ ነው የሚነገረው፣ አሜን ይባላል ያልፋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ስደት ብቻውን የሚያሳድግ ቢሆን ኖሮ የነአውግስጢኖስና የነቆጵርያኖስ አገር የሰሜን አፍሪካ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የት ናት? ጎረቤታችን ኑብያ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የክርስቲያን መንግሥታት ነበሩባት፣ ጳጳስም ካቴድራልም ነበራት፣ ዛሬ ፍርስራሹንና ሥዕሉን ነው በሙዚየም የምናየው። ጫና አንዳንዷን ቤተ ክርስቲያን ያጠፋል፣ አንዳንዷን ደግሞ ያበዛል፣ እንግዲህ ልዩነቱ ምንድነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመንፈስ ቅዱስን ሥራ ለማሳነስ አይደለም፣ እዛ ሰዓት የነበሩ ሰዎች ሁሉ የሚመሰክሩት ስለ ጸሎት ነው፣ ግን መንፈስ ቅዱስ በሰው ውሳኔ ውስጥም ይሠራል፣ እና የእነዚያ መሪዎች ውሳኔ ምን እንደነበር ማየት ያለብን ይመስለኛል።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። መሠረተ ክርስቶስ የተጀመረችው ከሜኖናይቶች፣ ማለትም ከአንድ የፕሮቴስታንት ቤተ እምነት ሚሲዮናውያን ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ ለእርዳታ ሥራ መጡ፣ ናዝሬት ላይ የቆየ የጥጥ መዳመጫ ወስደው ሆስፒታል አደረጉት፣ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተሰየመው ሆስፒታል ማለት ነው። እዛው ድሬሰሮችን (የሕክምና ረዳቶችን) የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ ቀጥሎም በ1959 እ.ኤ.አ. የናዝሬት ባይብል አካዳሚ መጣ። ናዝሬት በጃንሆይ ጊዜ በወጣው የሚሲዮን ሕግ "ዝግ" ከሚባለው ክልል ስለነበር እንደልብ መስበክ፣ ቤተ ክርስቲያን መትከል አይቻልም ነበር፣ የመጀመሪያዎቹ 10 ሰዎች በ1951 እ.ኤ.አ. የተጠመቁትም አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ከጅምሩ ወንጌሉ የሚሄደው በድሬሰሩ፣ በአስተማሪው፣ በተማሪው በኩል ነበር፣ ደሞዝተኛ ሰባኪ በሌለበት። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ዋጋ ያወጣል።

ሁለተኛው ነገር ሥልጣን ማስረከብ ነው። ሚሲዮናውያኑ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የሥራ አስፈጻሚውን ሰብሳቢነት ለኢትዮጵያዊ ሰጡ፣ ሚሊዮን በለጠ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ ሆነ። በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1978 የሜኖናይት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ፕሬዝዳንት ሆኖ አገልግሏል፣ በዚያ ዘመን አንድ አፍሪካዊ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መቀመጡ ቀላል ነገር አልነበረም። ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ የሆነው አብዮቱ ሳይመጣ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው ነው። ብዙ ቦታ ፈረንጁ የሚወጣው ቪዛው ሲቃጠል ወይ መንግሥት ሲያባርረው ነው፣ ያኔ የቀረው ሰው ፊርማ አያውቅም፣ በጀት አያውቅም፣ ስብሰባ መርቶ አያውቅም። እዚህ ግን መከራው ሲመጣ መምራትን ወደ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሲለማመዱ የቆዩ ሰዎች ነበሩ።

ሦስተኛው ደግሞ መነቃቃቱ ነው። ናዝሬት ላይ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ለመማር ብለው ከሚሲዮናውያን ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ጀመሩ፣ ከዛ ነው ሰማይ ብርሃን የሚባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ የወጣው። በልሳን የሚጸልዩ፣ የሚጾሙ፣ ሌሊቱን የሚያድሩ ልጆች ናቸው። ሜኖናይት ደግሞ በባህሉ ጸጥ ያለ ሕዝብ ነው፣ መዝሙሩ እንኳን ያለ መሣሪያ የነበረ። እና እዚህ ጋ ከባድ ምርጫ መጣ፣ ልጆቹን ሥርዓት አልባ ብሎ ማስወጣት ወይስ አቅፎ መምራት። ብዙ ቤተ እምነት እዚህ ጋ ተሰነጠቀ። የሙሉ ወንጌል (የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን) ወጣቶችም በ1972 እ.ኤ.አ. በንጉሡ ፖሊስ በጅምላ ታስረው፣ የመሰብሰቢያ ቦታቸው ተዘግቶ፣ ብዙዎቹ በየቤተ ክርስቲያኑ መጠለያ ሲፈልጉ የመሠረተ ክርስቶስ ሽማግሌዎች በራቸውን ከፈቱላቸው። ያልጸኑበት፣ የተጨቃጨቁበት ነገር እንደነበር ግልጽ ነው፣ ግን የመጨረሻ ውሳኔው አቅፎ ማስተማር ሆነ። አንድ ሽማግሌ ከእሱ የተለየ ዓይነት ቅንዓት ያለውን ወጣት ሳይፈራ መያዝ መቻሉ፣ እኔ ከአመራር ጤንነት ምልክቶች አንደኛው ብዬ ነው የማስበው። ያ ወጣት ነው በኋላ የቤት ቡድኑን የመራው።

ከዛ ደርግ መጣ። ምልክቱ ለማንም የሚታይ ነበር። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ንብረት የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በ1977 እ.ኤ.አ. ተወረሰ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉ። የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ዓመት ነው የተገደሉት። ቀበሌው ስብሰባና ውይይት ክበብ እሁድ ጠዋት ላይ ያደርጋል፣ የቀረ ሰው ይጠየቃል። "መጤ ሃይማኖት"፣ "የሲአይኤ ተላላኪ" የሚባለው ስድብ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። በዚህ ሁሉ መሀል የመሠረተ ክርስቶስ አዳራሾች በወጣት ይሞላሉ፣ ቦታ ጠፍቶ ውጪ ይቆማል፣ እና ይሄ ነው ዓይን ውስጥ ያስገባት።

እሁድ ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. ተዘጋች። ሕንፃዎቹ፣ ትምህርት ቤቱ፣ መኪናው፣ የባንክ ሂሳቡ ሁሉ ተወረሰ። እነ ቀሊፋ አሊ፣ ነጋሽ ከበደ፣ ጥላሁን በየነና ሌሎች የሥራ መሪዎች ታሰሩ። ፍርድ ቤት አልቀረቡም፣ ከአራት ዓመት በላይ እንዲሁ ቆዩ። ይሄን በአንድ መስመር ጽፎ ማለፍ ቀላል ነው፣ ግን አራት ዓመት ማለት ልጅ አንደኛ ክፍል ገብቶ አራተኛ የሚደርስበት ጊዜ ነው፣ ሚስት ስንቅ እየያዘች በር ላይ የምትቆምበት ጊዜ ነው። የኋላውን ቁጥር ስንደሰትበት ይሄን ዋጋ የከፈሉትን ቤተሰቦች አብረን ካላሰብን ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን የጉዳዩ እምብርት ላይ ደረስን። እሁዱ አለፈ፣ ሰኞ መጣ፣ 5,000 ሰው መሰብሰቢያ የለውም፣ የሚያውቃቸው መሪዎች የሉም። ያልታሰሩ ሽማግሌዎች ምን አደረጉ?

በመጀመሪያ ሕዝቡን ወደ ቤት ከፋፈሉት። አንድ ቡድን ከአምስት እስከ ሰባት ሰው፣ ከዛ ካለፈ ይከፈላል። ሰዓቱ ይቀያየራል፣ ቤቱ ይቀያየራል፣ ሰው አንድ በአንድ ይገባል አንድ በአንድ ይወጣል፣ መዝሙር ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ የልደት ዳቦ ተቆርሶ፣ ጎረቤት ሲያይ እንግዳ የመጣ እንዲመስል። ሰርግና ለቅሶ ደግሞ መንግሥት ሊከለክለው የማይችለው ትልቅ መሰብሰቢያ ስለሆነ ወንጌል በግልጽ የሚነገርበት ቦታ እሱ ሆነ። ቡድኖቹን የሚያገናኙ መሪዎች አሉ፣ ከነሱ በላይ ደግሞ አካባቢውን የሚያስተባብሩ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ግን የሚመለከተውን ያህል ብቻ ነው።

ይሄ "ሴል ግሩፕ" ነው፣ አዲስ ነገር የለውም ትሉኝ ይሆናል። ግን የቁጥሩን ነገር እዩት እስቲ። ቡድን ሰባት ላይ ሲደርስ የሚከፈል ከሆነ ሁሌም ሁለተኛ መሪ ተዘጋጅቶ መቆየት አለበት። ቡድኑ ከተጀመረበት ቀን አንስቶ መሪው የሚተካውን ሰው አብሮ እያስተማረ ነው ማለት ነው፣ ካላዘጋጀ ቡድኑ መከፈል አይችልም፣ ካልተከፈለ ደግሞ ይያዛል። መሪ ማፍራት እንደ ተጨማሪ ፕሮግራም፣ በዓመት አንዴ በሆቴል የሚደረግ ሴሚናር ሳይሆን የመኖር ጉዳይ ሆነ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ከእኔ የሰማኸውን ሌሎችን ሊያስተምሩ ለሚችሉ ለታመኑ ሰዎች አደራ ስጥ ያለው (2ኛ ጢሞ. 2፥2) እኛ ብዙ ጊዜ በስብከት የምናልፈው ነው፣ እነሱ ግን በየሳምንቱ ኖሩት።

እና እነዚህ አዲስ መሪዎች ዝም ብለው አልተለቀቁም። የማስተማሪያ ጽሑፍ ይዘጋጅላቸዋል፣ በድብቅ ይባዛል፣ በእጅ ይተላለፋል። ሙሉ ጊዜያቸውን የሰጡ ወንጌላውያን እየዞሩ መሪዎቹን ያሠለጥናሉ። አንድ ሺህ ሰው ፊት ቆሞ ይሰብክ የነበረ የተመሠከረለት የወንጌል አገልጋይ አሁን ጓዳ ውስጥ ለአምስት ሰው ያስተምራል፣ እነዚያ አምስቱ ግን እያንዳንዳቸው ቡድን አላቸው። ለሰባኪ ስሜት ይሄ ቀላል ለውጥ አይመስለኝም። ጭብጨባ የለም፣ ስሙን የሚጠራ ፖስተር የለም፣ እንዲያውም ስሙ ባይታወቅ ነው የሚሻለው። አንድ መሪ ሰው የማያየው ቦታ ላይ በደስታ መሥራት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ እዚህ ተፈተነ።

ሴቶቹን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ወንዶቹ በመሥሪያ ቤትም በቀበሌም ዓይን ውስጥ ናቸው፣ ሴት ግን ነጠላዋን ለብሳ ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ብትገባ ማን ይጠረጥራታል። ስለዚህ ሴቶች የቡድን መሪ፣ አስተማሪ፣ ወንጌላዊ ሆኑ፣ ቤታቸውን ከፈቱ። ቤት መክፈት ሲባል እንደ ዛሬው ሻይ ማፍላት ብቻ አይደለም፣ ቢያዝ ባለቤቷ ናት የምትጠየቀው። ከዛ በፊት በሴቶች ኅብረትና በኩሽና ተወስነው የነበሩ እህቶች በዚህ ጊዜ ነው ያላቸው ጸጋ የወጣው። እንደኔ እይታ ከ1983 በኋላ አዳራሽ ሲከፈት ማይኩ በአብዛኛው ወደ ወንዶች ነው የተመለሰው፣ ይሄ ያሳዝነኛል፣ በመከራ ጊዜ የታመነ ሰው በሰላም ጊዜ ለምን አይታመንም?

የገንዘቡም ጉዳይ ትምህርት አለው። ሂሳቡ ተወርሷል፣ ከውጭ በግልጽ ገንዘብ ማስገባት አይታሰብም። አስራቱ በየቡድኑ ከእጅ ወደ እጅ ተሰበሰበ፣ በዚያው ነው ወንጌላውያኑ የኖሩት። እንዲህ ያለ ገንዘብ ሰነድ ሊያዝለት አይችልም፣ ሰነዱ ከተገኘ የሰው ስም ዝርዝር ተገኘ ማለት ነውና። ያለ ወረቀት የሚዘዋወር ገንዘብ ደግሞ ሊሠራ የሚችለው አደራ ተቀባዩን ሁሉም የሚያምነው ከሆነ ብቻ ነው። ዛሬ ሰነድም ኦዲተርም እያለን በገንዘብ የምንጣላ ሰዎች ይሄን ስንሰማ ልናፍር ይገባል። (ይሄን ስል ግን ዛሬም ያለ ሰነድ እንሥራ ማለቴ አይደለም፣ በፍጹም፣ ሰነድ መያዝ በሚቻልበት ጊዜ ያልያዘ መሪ ሰበብ የለውም።)

ችግር አልነበረም ብዬ ታሪኩን ማሳመር አልፈልግም። ከ5,000ው ሁሉም አልጸናም፣ ፈርቶ የቀረ አለ፣ ሥራውን ላለማጣት የተወ አለ። ጥምቀትም የጌታ እራትም በድብቅ ነው። ጥያቄ ያለበት ሰው በአደባባይ መጠየቅ አይችልም፣ የተሳሳተ ትምህርት አንድ ቡድን ውስጥ ቢገባ ሌላው እስኪሰማ ጊዜ ይወስዳል። ምስጢር መጠበቅ ለአመራር የራሱ አደጋ አለው፣ ጥርጣሬ ይፈጥራል፣ "ማነው የነገረባቸው" የሚለው ጥያቄ ወንድማማቾችን ሊያጣላ ይችላል። ለዚህ ነው መሪዎቹ በቡድን መሥራታቸው ወሳኝ ነበር የምለው፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚወስነው ነገር ስላልነበረ አንዱ ቢያዝ ሌላው ይቀጥላል፣ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል። ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው በታሰረ ሰኞ ሁሉም ነገር አብሮት ይታሰር ነበር።

አሁን ይሄን ወደ እኛ ዘመን ሳመጣው የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። አዲስ አበባም ሆነ ዲሲ፣ ሀዋሳም ሆነ ፍራንክፈርት፣ ስንት ሚኒስትሪ ነው በአንድ ሰው ስም የቆመው። ባነሩ ላይ ያለው የሱ ፎቶ ነው፣ ሕንፃው በሱ ስም ነው፣ ሚስቱ ገንዘብ ያዥ ናት፣ ቦርዱ ወንድሞቹ ናቸው፣ የዩቲዩብ ቻናሉ ፓስወርድ እንኳን እሱ ጋ ነው ያለው። ሰውየው ቅን ሊሆን ይችላል፣ በእውነት ተጠርቶ ሊሆን ይችላል፣ ስለ ሰውየው ልብ አይደለም የማወራው። ነገ ቢታመም፣ ቢወድቅ፣ ቢሞት ያ ሕዝብ ወዴት ይሄዳል ነው ጥያቄዬ። ሲለያዩ ደግሞ አየነው፣ ፓስተሩ ሲወጣ ግማሹ ሕዝብ ተከትሎት ይወጣል፣ የቀረው ግማሽ ፍርድ ቤት ይቆማል፣ ልጆቹ ደግሞ ከሁለቱም ይሸሻሉ። በዲያስፖራ ያደጉ ልጆች ቤተ ክርስቲያን ለምን አትመጡም ሲባሉ ስለ ትምህርተ ሃይማኖት አያነሱም፣ የሽማግሌዎቹን ጠብ ነው የሚያነሱት።

አንድ ሽማግሌ የመሠረተ ክርስቶስን ጉዳይ ይዞ የራሱን ቤት መመርመር ቢፈልግ፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ለሌላ ሰው ሙሉ በሙሉ የለቀቅኩት ኃላፊነት የትኛው ነው የሚለውን ነው፣ ማለት ተመልሼ እጄን ያላስገባሁበት። ቀጥሎ ዋናው መሪ ለስድስት ወር ባይኖር ማን ያስተምራል፣ ማን ይፈርማል፣ የታመመውን ማን ይጠይቃል። ከዚያ ደግሞ ከእኔ የተለየ ዓይነት አገልግሎት ያለውን ወጣት ምን አደረግኩት። መልሱ ባዶ ከሆነ ደህና ጊዜ ላይ ማወቁ ይሻላል፣ መሠረተ ክርስቶስ የተረፈችው እነዚህን ሥራዎች ደህና በነበረ ጊዜ ስለጀመረች ነው።

ከ1983 በኋላ ያለውም የጉዳዩ አካል ስለሆነ ልጨምር። ደርግ ወድቆ በሩ ሲከፈት ችግሩ ተገልብጦ መጣ፣ 34,000 ሰው አለ፣ አብዛኛው አዳራሽ ውስጥ አምልኮ አይቶ የማያውቅ፣ የተማረ አስተማሪ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። በዚህ ጊዜ መሪዎቹ ያደረጉትን ሳየው ያው የድሮው ልማድ ነው፣ ወደ ሰው ማዘጋጀት ነው የሮጡት። በ1994 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ተቋም ከፈቱ፣ በጥቂት ተማሪዎች፣ እሱ ነው አድጎ መጀመሪያ የመሠረተ ክርስቶስ ኮሌጅ፣ በኋላም ደብረ ዘይት ላይ ያለው የመሠረተ ክርስቶስ ሴሚናሪ የሆነው። የቤት ቡድኖቹንም አልተዉአቸውም፣ አዳራሽ ተመልሶም ቡድኑ የአባልነት መሠረት ሆኖ ቀጠለ። በድብቁ ዘመን ካገለገሉት መካከል በድሩ ሁሴን በኋላ የሜኖናይት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኗል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ዛሬ ብዙ መቶ ሺህ አባላት አሏት፣ ከሜኖናይቱ ዓለም አቀፍ ቤተሰብ በቁጥር ትልቋ ናት።

ቁጥሩ ሲያድግ ግን የራሱን ፈተና ይዞ መጥቷል፣ አሁን ቡድን ሰባት ላይ ካልተከፈለ የሚይዘው ፖሊስ የለም፣ ስለዚህ ሃያ፣ ሠላሳ ሆኖ ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል፣ ምክትል ማዘጋጀትም ለነገ ይባላል። ትልቅ አዳራሽ ሲኖር ጥሩ ሰባኪ ይፈለጋል፣ ጥሩ ሰባኪ ሲኖር ሰው እሱን ሊያይ ይመጣል። በየአጥቢያው ያሉ ሽማግሌዎች ይሄን ያውቁታል፣ በድብቁ ዘመን ቤታቸውን የከፈቱ እናቶችም አሁን አርጅተዋል። እነሱን ቁጭ አድርጎ ቡድኑን እንዴት ትከፍሉ ነበር፣ ማንን ነው የምታዘጋጁት፣ ስትፈሩ ምን ታደርጉ ነበር ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱንም ጽፎ ለወጣት መሪዎች ማሠልጠኛ የሚያደርግ ሰው በየአጥቢያው ቢኖር ደስ ይለኛል፣ ጊዜው ደግሞ አሁን ነው።